የጦር ሙዚየሙን በአውቶቡስ ጭና የዞረችው እህታችን

እማማ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ እጅ እነሣለሁ። የዛሬው ሐዘን ሁላችንንም ቢነካ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት።

የተከበራችሁ ዘመዶቿ፣ ክቡር ዳይሬክተራችን፣ የሙዚየማችን ሠራተኞች፣ ሻምበል፣ ጎረቤቶቿ፣ ወሬውን እንደ ሰማችሁ መንገድ የጀመራችሁ፣ እስክትደርሱም ቀብሩ የቆየላችሁ የክፍለ ሀገር እንግዶቻችን፣ ሁላችሁንም በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ቆማችሁ እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ። እግራችሁም እንደ ደከመ አውቃለሁ።

እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ሹፌር ነኝ። ሹፌር ሲያወራ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ የሚያዋራውን ሰው አያይም። እዚህ ቆሜ ዓይኔን ከዓይናችሁ ባሸሽ ለምዶብኝ ነውና አትቀየሙኝ።

«አንተ ተናገር» የተባልኩ ጊዜ «ኧረ ዳይሬክተሩ አሉ፤ ስንት የተማረ ሰው አለ» ብዬ ነበር። እማማ ናቸው እጄን ይዘው፣ «ቢሮ ውስጥ የሚያውቋት ብዙ ናቸው። ልጄን መንገድ ላይ የምታውቃት ግን አንተ ነህ» ያሉኝ። ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል አፍ ከየት አመጣለሁ?

እውነት ነው፤ መንገድ ላይ የማውቃት እኔ ነኝ። በአቧራው አውቃታለሁ። በጭቃው አውቃታለሁ። ጎማ ፈንድቶብን ፀሐይ አናታችን ላይ ስትነድ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የራሷን ቀልድ ራሷ ስትስቅበት አውቃታለሁ።

በመሥሪያ ቤት «ሻንጣ» ነበር የምንላት። ለምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከጠረጴዛዋ ሥር ሁልጊዜ ልብስ ተከትቶባት ዝግጁ የሆነች ቡናማ ሻንጣ ነበረች። ስብሰባ ላይ «ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ማን ይሄዳል?» ሲባል፣ ሌላው ሰው ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያል። እሷ ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን ትስባለች። እኔማ መጀመሪያ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማዋራት። ኃላፊ ናት፤ በዕድሜም ትበልጠኛለች። አንድ ቀን ገና ከከተማ ሳንወጣ፣ «ስማ ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ አንቱ እየተባልኩ ከሄድኩ ሳንደርስ አረጃለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሆነች። እኔም ወንድሜ ሆንኩ።

ሙዚየማችንን ያላያችሁ ካላችሁ፣ የጦር ታሪክ ሙዚየም ነው። ከተማው መሀል ላይ የቆመ፣ ደረጃው የሚያደክም ትልቅ ሕንፃ ነው። ውስጡ ይበርዳል። የጄኔራሎች ጎራዴ አለ። ሜዳሊያ በየዓይነቱ አለ። ግድግዳውን የሸፈነ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀስቶች ይተላለፋሉ። በየቀስቱ ጫፍ ላይ የአንዲት ከተማ ስም ተጽፏል።

እትዬ የአስጎብኚዎች ኃላፊ ነበረች። አንድ ቀን ያ ካርታ ፊት ለፊት እጇን አጣምራ ቆማ አገኘኋት።

«ወንድሜ» አለችኝ፤ «ከእነዚህ ከተሞች የመጣ ጎብኚ አይተህ ታውቃለህ?»

አሰብኩ። እንግዳ አይቻለሁ። ሚኒስትር አይቻለሁ። የከተማችንን ተማሪ በየሳምንቱ አይቻለሁ። ከእነዚያ ከተሞች የመጣ ሰው ግን አላየሁም።

«አላየሁም» አልኳት።

«ጦርነቱ የተደረገው እነሱ ጓሮ ነው» አለች። «ዕቃው ያለው ግን እኛ ሳሎን ነው።»

ይህንኑ ስብሰባ ላይ ደገመችው። ክቡር ዳይሬክተር፣ ያን ቀን ያሏትን ያስታውሳሉ? ፈገግ ሲሉ አየሁ፤ ያስታውሳሉ ማለት ነው። «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው። ማን ከለከላቸው?» ነበር ያሉት። እሷም፣ «መንገዱ ከለከላቸው። ድህነት ከለከላቸው። እግር ያጣውን ደረጃው ከለከለው። እነሱ ካልቻሉ እኛ እንሂዳ» አለች። እርስዎ ደግሞ፣ «ቅርስ እኮ ኳስ አይደለም፤ ወዲህና ወዲያ አይመታም» አሉ። እሷም «እስረኛም አይደለም» አለች።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ ከሕንፃው ጀርባ ሣር የበቀለበት የድሮ የጦር ሠራዊት አውቶቡስ ነበር፤ «ከተነሳልሽ ያንን ይዘሽ ሂጂ» አሏት። እንደማይነሳ እርግጠኛ ነበሩ መሰለኝ። እኔ ከሥሩ ስገባ የድመት ግልገሎች ነበሩበት። ከስንት ሳምንት በኋላ ሲነሳ ጭሱ እስከ ዳይሬክተሩ መስኮት ደረሰ። እትዬ ከዚያ ጭስ ውስጥ እያሳለች ወጣችና፣ «እንሂዳ» አለች።

እንሂዳ። ይህችን ቃል እኔ ከእናቴ አፍ ከሰማሁት ቃል ሁሉ በላይ ሰምቻታለሁ። ዝናብ ነው ስትላት፣ እንሂዳ። በጀት የለም ስትላት፣ እንሂዳ። እዚያ ያሉት አይፈልጉንም ስትላት፣ ሄደን እንጠይቃቸዋ።

መቼም የመጀመሪያውን ጉዟችንን አልረሳውም። ጎራዴው፣ ሜዳሊያው፣ የደንብ ልብሱ፣ የብረት ቆቡ ሁሉ በመስታወት ሳጥን ተደርጎ አውቶቡሱ ውስጥ ተደረደረ። አንዲት የገበያ ከተማ ገባን። ስንገባ ገበያው ሞቅ ብሎ ነበር። አውቶቡሱን አቁመን በሩን ስንከፍት ሰው የለም። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሚዛን እንኳ ሳይነሳ መሬት ላይ ቀርቷል። አንድ አህያ ብቻ ቆማ ታየናለች።

እኔ ተናደድኩ። እትዬ አልተናደደችም። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ዋለች። ወደ ማምሻው አንድ ልብስ ሰፊ ከሱቁ ብቅ ብሎ፣ «እመቤት፣ ሰው ልትወስዱ ነው የመጣችሁት?» አላት።

«ኧረ ሰው ልናይ ነው የመጣነው» አለችው።

«ይሄ መኪና እኮ ባለፈው ጊዜ ወጣቶቻችንን ጭኖ ነው የሄደው» አላት። «ይሄው ራሱ ባይሆንም ቀለሙ ይሄው ነው።»

ያን ቀን አንድ ጎብኚ ብቻ አስተናግደን ተመለስን፤ ልብስ ሰፊውን። ከተማ ስንገባ፣ «ወንድሜ፣ ቀለሙ ነው» አለችኝ። ቀለም መግዣ የሚሰጥ አልነበረም። ቢሆንም የሙዚየሙ መጸዳጃ ቤት በዚያ ሰሞን ታድሶ ነበርና የተረፈ ውሃ ሰማያዊ ቀለም አለ። በእሱ ቀባነው። አያችሁ፣ በየከተማው «ሰማያዊዋ መጣች» እየተባለ የሚሮጥላት መኪና የመጸዳጃ ቤት ቀለም የተቀባች ናት። እትዬ ይሄን ምስጢር ለማንም አትናገር ብላኝ ነበር። ዛሬ ተናገርኩ። ከቻልሽ ተነሺና ተቆጪኝ።

አትነሳም።

ሻምበል፣ እዚህ አሉ? እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ። አዎ፣ እኚያ ነጭ በትር የያዙት ሰው ናቸው። ሻምበል ዓይናቸውን ጦር ሜዳ ላይ ትተው የመጡ ሰው ናቸው። ሰማያዊዋ ከተማቸው ስትገባ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ከሙዚየሙ አናጢ ጋር ሆነን ከአውቶቡሱ በር ላይ የእንጨት መወጣጫ አበጅተን ስለነበር ሳይቸገሩ ገቡ። እትዬ ማስረዳት ጀመረች። በስተቀኝዎ የብረት ቆብ አለ፣ በስተግራዎ ኮዳ አለ ትላለች። ሻምበል መስታወቱን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መስታወት ነው ጌታዬ። ዕቃው እንዳይነካ ነው።»

«የእኔ ልጅ» አሏት፤ «እኔን አትንካ ካልሽኝ እኮ አትይ ማለትሽ ነው።»

እኔ በሹፌር መስታወቴ ውስጥ ፊቷን አየሁት። እንዴት ቀላ መሰላችሁ። መፍቻ ከእኔ ተቀበለች። ብሎኑን ፈታች። መስታወቱን አነሳችና ቆቡን አውጥታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ሻምበል በሁለት እጃቸው አዞሩት። ውስጡን ዳበሱት። ማሰሪያውን ዳበሱት። ከዚያ ምን አሉ? «ቀላል ነው እንዴ?» አሉ። «ያኔ እንዴት ይከብደኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ በሰማያዊዋ ውስጥ መስታወት የሌለው ጠረጴዛ አለ። «ንኩ» የሚል ተጽፎበታል። ሽማግሌው ይነካል፤ ሕፃኑ ይነካል። የቅርስ ጠባቂዎቻችን ራሳቸውን ያዙ፤ አንዷማ ልትታመም ነበር። እትዬ ግን፣ «ሰው ነክቶት የሚያልቅ ነገር ይለቅ፤ ሰው ሳያየው ከሚያረጅ ይሻላል» አለች። ሁሉንም አታስነካም ነበር እኮ። የሚሰባበረውን ደህና አድርጋ ትቆልፍ ነበር። እሷ የማትወደው ያለ ምክንያት የተቆለፈውን ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልሂድ። እማማ፣ እርስዎ ይፍቀዱልኝ። ባለወፍጮዋ እናታችን፣ እዚያ ከእማማ አጠገብ የተቀመጡት፣ እርስዎም ይፍቀዱልኝ።

ከሁሉ የራቀችው ከተማ አለች። ከወንዙ ማዶ። የመጨረሻው ጦርነት ሲደረግ ያ አገር በሌላው ወገን ነበር። እኛ የምንለውን ጠላት እነሱ ልጄ ይሉት ነበር። እዚያ አትሂዱ ብዙ ሰው ብሎናል። እሷ ምን እንዳለች ታውቁታላችሁ።

ሄድን። ሰው መጣ። ብዙ ሰው መጣ፤ ነገር ግን የሚናገር የለም። ገብተው ያያሉ፤ ዝም ብለው ይወጣሉ። በመጨረሻ አንዲት እናት ገቡ። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። አንዱን ሳጥን ሳይዘሉ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ መጨረሻው አዩ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ።

«ልጄ፣ የእናንተ ልጆች ልብስ ይሄው ተሰቅሏል። የእኛ ልጆችስ?» አሏት። «እነሱ አልነበሩም?»

እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቁልፉን ያዝኩት። ደጅ ያለው ሰው ሁሉ መልሷን ይጠብቃል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? መመሪያው ነው ትሉ ነበር? የበላይ አካል ትሉ ነበር?

እትዬ፣ «ነበሩ» አለች። «እኔ ነኝ ሳልይዛቸው የመጣሁት። እርስዎ ካለዎት ያምጡልኝ።»

ይህን ብላ መሀል ላይ ያለውን ሳጥን ከፈተች። ሜዳሊያዎቹን እያወጣች በዚያች ቡናማ ሻንጣ ውስጥ፣ በልብሷ መሀል ከተተቻቸው። ባዶውን ሳጥን ክፍት ተወችው።

በማግሥቱ ማለዳ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ምን ይዘው መሰላችሁ? ጠመንጃ? አይደለም። ማበጠሪያ። የቆርቆሮ ኩባያ። አንድ አባት ልጁ የሚሰማውን ራዲዮ አቅፎ መጣ። ባለወፍጮዋ እናታችን ሹራብ ይዘው መጡ፤ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ። «እዚያ አይበርድም ብሎኝ ጥሎት ሄደ» አሉ።

ሹራቡን ይዘን ዋና ከተማ ስንመለስ ቢሮ ተንጫጫ። «የጠላት ዕቃ በመንግሥት ሙዚየም?» ተባለ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይሄን የምናገረው ላሳፍርዎ አይደለም፤ ላመሰግንዎ ነው። እርስዎም ተቆጥተው ነበር። እትዬ ሹራቡን ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግታ፣ «ሹራብ ምን ጠላትነት ያውቃል?» አለችዎ። እርስዎ ጣትዎን ክርኑ ላይ ያለው እራፊ ላይ አሳረፉ። «እናቴም እንዲህ ነበር የምትጥፈው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሹራቡ አንድም ሰው ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማሁም።

ወደ ወንዙ ማዶ በተመለስን ቁጥር ያቺ ከተማ ፊቷን እየፈታች መጣች። አንድ ቀን ባለወፍጮዋ እናታችን፣ «ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ወደ ማሳቸው ወሰዱን። ከማሳው ጫፍ፣ የዛፍ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ድንጋዮች በረድፍ ተተክለዋል። ዙሪያው ተጠርጓል። አንድ አረም የለበትም።

«እነማን ናቸው?» አለች እትዬ።

«የእናንተ ልጆች ናቸው።»

«ማን ቀበራቸው?»

«እኛ ነና። ጦሩ ሲያልፍ የቀረነው ሴቶች።»

«አረሙንስ ማን ነው የሚነቅለው?»

«እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያባራ እነቅላለሁ።»

«የእርስዎ ልጅስ የት ነው?» አለቻቸው።

ባለወፍጮዋ ወደ ማዶ አዩ፤ ወደ እኛ አገር። «የእኔ ወዲያ ነው የቀረው። የት እንደሆነ አላውቅም። የሰው ማሳ ላይ ይሆናል» አሉ። «እኔ እዚህ አረሙን ስነቅል፣ እዚያም አንዲት ሴት ትነቅልለት ይሆናል እላለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ ልጄ?»

እትዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወደቀች አልልም፤ ተቀመጠች። «ወንድሜ» አለች። እኔን መስሎኝ «ወዬ» አልኳት። እኔን አልነበረም። «ታላቅ ወንድሜ እዚህ ግንባር ላይ ነው የቀረው» አለች።

ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስሄድ ይህን አላውቅም ነበር። ከአንድ ሳህን በልተናል። አንድ መኪና ውስጥ ተሳስቀናል። አልነገረችኝም። በየከተማው ሥራ ስንጨርስ የድሮ ወታደር ፈልጋ፣ ጎኑ ተቀምጣ፣ በለሆሳስ አንድ ነገር ስትጠይቅ አያት ነበር። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። እሷ አመስግና ትነሳለች። እኔ ለሥራ መስሎኝ ነበር። ለካ የየትኛው ጦር ነበርክ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አታውቅም ወይ እያለች ነው።

ያን ቀን ስንመለስ አወጋችኝ። ተማሪ ሳለች ነው የሄደው። ረጅም ነው፤ ይቀልዳል፤ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። መርዶው መጣ፤ እሱ ግን አልመጣም። አንድ መሐረብ እንኳ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አልመጣም። ሙዚየሙ ሥራ ሲቀጥራት «የጦርነቱ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ነው ብዬ ገባሁ» አለችኝ። «አዳራሹን ሁሉ አየሁ። የእሱን የመሰለ አንድም ነገር አጣሁ።»

ናፍቆት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሰው ሥራውን ይወዳል እንላለን። ማን ያውቃል፣ ሰው እየፈለገ ይሆናል።

ቀጥሎ በሄድን ጊዜ እማማን ይዘናቸው ሄድን። እማማ፣ ያኔም ጉልበትዎ እንደ ዛሬው ያስቸግርዎ ነበር። ከእኔ ጎን ያለውን ወንበር በትራስ ደለደለችልዎ። ያን ያህል ጸጥ ያለ ጉዞ ነድቼ አላውቅም።

ባለወፍጮዋ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ምን ይባባሉ ይሆን አልኩ። አንዷ ልጇን በሌላዋ ወገን ያጣች ናት፤ ሌላዋም እንደዚያው። ባለወፍጮዋ ናቸው ቀድመው የተናገሩት። «ደከመሽ እህቴ፤ ነይ ያዢኝ» አሉ። ተያይዘው ገቡ።

እማማ፣ «ከእነዚህ የእኔ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አላውቅም እህቴ» አሉ ባለወፍጮዋ። «ስማቸውን የነገረኝ የለም።»

እማማ በየድንጋዩ ሄዱ። በየድንጋዩ ጎንበስ እያሉ ልጃቸውን በቤት ስሙ ይጠሩታል። ትንሽ ይጠብቃሉ። ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እኛ ከኋላ ቆመናል። ሲጨርሱ ተመለሱና ዛፉ ሥር ካለችው ድንጋይ አጠገብ ተቀመጡ።

«ይህ ይሁንልኝ» አሉ።

እትዬ፣ «እማ፣ ለምን እሱን?» አለቻቸው።

«ጥላ አለው» አሉ እማማ። «እሱ ፀሐይ አይወድም ነበር።»

ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን የምናገረው የለኝም።

እትዬ ወንድሟን አገኘችው? አላገኘችውም። አገኘሁት ብላም አታውቅም። ከዚያ በኋላም በየከተማው የድሮ ወታደር ስታይ ጎኑ ትቀመጥ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ሐሳብ ያዛት። «ወንድሜ፣ እኛ ይዘን እየመጣን ይዘን እየሄድን አይሆንም» አለችኝ። «እዚሁ ይቅር። ቁልፉ እዚሁ ይደር።»

ከተማዋ ባዶ የእህል መጋዘን ነበራት። ለእትዬ ሰጧት። የሠራው ያገሩ ሰው ነው። አናጢያችን ሄዶ አሳያቸው፣ እነሱ ሠሩት። በሩ ደረጃ የለውም። ተሽከርካሪ ወንበር ይገባል፤ በትር ይገባል። ውስጡ ከዋናው ሙዚየም የመጣ የደንብ ልብስ አለ። ከጎኑ ሹራቡ አለ። መግለጫው በአገሩ ሰዎች አነጋገር ነው የተጻፈው፤ ያስጻፉትም እነሱ ናቸው። ቁልፉ ወፍጮ ቤቱ ይውላል። ሙዚየም ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ባለወፍጮዋ እጃቸውን ከዱቄት አራግፈው ይከፍቱለታል።

የምርቃቱ ቀን ሻምበል ከከተማቸው መጡ። ባለሥልጣን መጣ። እትዬ ያኔ በሽታው ጀምሯት ነበር፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረችው። «ንግግር አድርጊ» ሲሏት ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉም ዞሮ አያት። «ግቡ» አለች። ንግግሯ ይኸው ነበር። ሰው ሁሉ ገባ።

ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ከሥራ ስወጣ እሄድ ነበር። ስለ ሕመሟ አታወራም። መንገዱን ነው የምትጠይቀኝ። ቁልቁለቱ ተደለደለ ወይ? የኋላ ጎማው ተቀየረ ወይ? ከሁሉ በላይ ግን አንዲት ከተማ ነበረች፤ ከተራራው በላይ ያለችው። ደርሰናት አናውቅም። ድልድዩ ከፈረሰ ቆይቷል። ከሥር ሆነን ቆርቆሮዎቿን ስናይ፣ «እዚያ ያሉት እኮ የእኛን ሰማያዊ እያዩ ነው» ትለኝ ነበር።

«ድልድዩ አለቀ?» አለችኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ባየኋት ቀን።

«ሊያልቅ ነው» አልኳት። «አንቺም ትድኛለሽ፣ አብረን እንወጣለን።»

እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ወንድሜ» አለችኝ፤ «ሲያልቅ እኔን አትጠብቁኝ።»

እትዬ፣ አሁን ለአንቺ ነው የምናገረው።

ድልድዩ አልቋል። ትናንት ነው የሰማሁት። ወደ አንቺ ልሮጥ ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ቆሜ ቀረሁ። ከዚህ በኋላ መንገድ ላይ ያየሁትን ለማን ነው የማወራው? ያች ልብስ ሰፊው ያለባት ከተማ ስንገባ ሰው ሁሉ ከኋላዬ አንቺን ሲፈልግ ምን ልበላቸው? አሟት ቀረች ልበል? መዋሸት አልችልም። ሞታለች ለማለትም አፌ አልለመደም።

ክቡር ዳይሬክተር ሰማያዊዋ አትቆምም ብለዋል። እዚህ በሰው ፊት ስላልኩ አይቀየሙኝ፤ ምስክር ፈልጌ ነው። ያሰለጠንሻት አስጎብኚ ተዘጋጅታለች። ሳምንቱ ሳይወጣ ወደ ተራራው እንሄዳለን። የመጀመሪያውን ሳጥን ባዶውን እንወስደዋለን። እነሱ ይሙሉት።

እናትሽን አንተዋትም። ባለወፍጮዋ እናታችን እዚሁ ሊሰነብቱ ነው። ሁለቱ ማታ ማታ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ የሁለቱ ልጆች ጎረቤት ሆነው ያደጉ እስኪመስል ድረስ ያወራሉ። አንቺም ከእንግዲህ በወሬያቸው ውስጥ ነሽ።

አፈሩ ይቅለልሽ። ያን ሁሉ ሰው ስታገለግይ የደከመው እግርሽ ይረፍ። ወንድምሽን የምታገኚበት ቦታ ካለ አግኚው፤ ስንት አገር እንደ ዞርሽለት ንገሪው።

ደህና ሁኚ እትዬ። «እንናፍቅሻለን» አልልሽም። ከአሁኑ ናፍቀሽናል።